የዘይላው ገዥ ሐጂ ሸርማርኬ ዓሊ ሳሌሕ

ከሐርጌሳ በሰሜን ምሥራቅ በሚገኘው የበርበራ ጠረፍ ስማቸው ከገነነ የባሕር ነጋዶች አንዱ ሐጂ ሸርማርኬ ዓሊ ሳሌሕ ነበሩ። በወጣትነታቸው የጀልባ አለቃ ሆነው ንግድ ጀመሩ። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1825 ሜሪ አን የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ በበርበራ ስትዘረፍ፥ ከመርከበኞቹ ጐን ቆመው ሲከላከሉ ክንዳቸው ቈሰለ። ስለ ዘረፋው የእንግሊዝ መርከቦች ወደቡን በመዝጋታቸው ገበያው ተጐዳ፤ በ1827 የጠረፉ ሹማምንት የንግድ ውል ፈረሙ። የባሕር ሰላም ሲደፈር ጕዳቱ ለዘራፊው ብቻ ሳይሆን ለገበያተኛው ሁሉ እንደሚተርፍ በዚህ ታወቀ።

ሐጂ ሸርማርኬ በ1841 ገደማ ጥቂት መድፍና ነፍጠኛ ይዘው ዘይላን ያዙ፤ በኦቶማን ሥልጣን ሥርም ገዙ። የሐረር ሲራራ ነጋዴ የሚወርደው ወደዚሁ ወደብ ነበር። በ1854 ወደ ሐረር የሚጓዘውን ሪቻርድ በርተንን በእንግድነት ተቀበሉ። ይሁን እንጂ በዘመናቸው በዘይላ ያልፍ የነበረው የባሪያ ንግድ ታሪካቸውን ያጐድፈዋል። በ1855 ከሹመታቸው ተሽረው ቦታው ለአቡበክር ኢብራሂም ተሰጠ፤ በ1861 ዐረፉ።

ዛሬም የዚያን ጠረፍ ዓሣና ውሃ ከጥፋት ለማዳን የሚያስብ ሹም አስቀድሞ ከነጋዴው ጋር ቢመክር ይበጀዋል፤ ከባሕር የሚያተርፍ ሰው ባሕሩን ለመጠበቅ ከማንም የበለጠ ምክንያት አለውና።