ለልጆች የጻፉት ከበደ ሚካኤል

የታላላቅ ሰዎች ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው የነገሥታትና የጦር ጀግኖች ስም ነው። እኔ ግን ሰይፍ ያልታጠቁትን፣ ዳሩ ግን አያሌ የኢትዮጵያ ልጆች ፊደል ከቈጠሩ በኋላ ያነበቡትን ተረት የደረሱትን የክቡር ዶክተር ከበደ ሚካኤልን ታሪክ ላወጋችሁ ወደድሁ።

ከበደ ሚካኤል በ1909 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ ገርም ገብርኤል በተባለ ስፍራ ተወለዱ። በልጅነታቸው እንደ ዘመኑ ልማድ የቤተ ክህነት ትምህርት ቀስመው፣ ቀጥሎ በአዲስ አበባ በአሊያንስ ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ አጠኑ። በ1928 ዓ.ም. ጠላት አገራችንን ስለ ወረረ የብዙ ወጣቶች ትምህርት ተቋረጠ፤ እርሳቸውም ዩኒቨርሲቲ ሳይገቡ ቀሩ። ከዚያ ወዲያ መምህራቸው መጽሐፍ ነበረ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከ1933 ዓ.ም. ድል በኋላ በትምህርት ሚኒስቴርና በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በኃላፊነት እየሠሩ ይጽፉ ነበር። ታሪክና ምሳሌ የተባሉት መጻሕፍታቸው በየትምህርት ቤቱ ማንበቢያ ሆኑ። በውስጣቸው ካሉት የግጥም ተረቶች አንዳንዶቹ ከኤዞፕና ከፈረንሳዊው ላፎንቴን የተወረሱ ናቸው። ይህን የነገሩኝ በምድር ባቡር የሠሩት አያቴ ናቸው፤ ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከደረሰ ጀምሮ ከተማችን ፈረንሳይኛ የለመደች ስለ ሆነች፣ እርሳቸው ተረቱን የሚያውቁት በዚያው ቋንቋ ነበር። እኔ ግን አውሬዎቹ ሁሉ የሸዋ ተወላጆች ይመስሉኝ ነበር። ደራሲው እንግዳውን ነገር ቤተኛ አድርገው መጻፍ ችለዋልና እንዲያ ባስብ አይፈረድብኝም።

ሮሜዎና ዡልየትንም ወደ አማርኛ መልሰዋል፤ በ1946 ዓ.ም. ደግሞ ጃፓን እንደምን ሠለጠነች የተባለውን መጽሐፍ አሳትመዋል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የሥነ ጽሑፍ ሽልማትም ተቀብለዋል። ይሁን እንጂ ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ቤታቸው ተወርሶ ብዙ ዓመት በሆቴል ክፍል ኖሩ። ልጆችን ሁሉ ያስነበበ ሰው መጽሐፉን የሚደረድርበት ቤት ማጣቱን ባሰብሁ ቍጥር ያሳዝነኛል። በኅዳር ወር 1991 ዓ.ም. በ82 ዓመታቸው ዐረፉ።

እኔን ወደ እርሳቸው የመራኝ ግን ታናሽ ወንድሜ ነው። ቤታችን ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ወዲህ፣ በመልካ ጀብዱ መንገድ ነው፤ ፓርኩ በ2014 ዓ.ም. ነፃ የንግድ ቀጠና ቢባልም ሰው ዛሬም ፓርክ ይለዋል። እናታችን እዚያ የማታ ፈረቃ ስትገባ ልጁን አንብቤ የማስተኛው እኔ ነኝ። አንድ ሌሊት አዝማሪና ውሃ ሙላት የተባለውን ተረት አነበብሁለት። አንድ አዝማሪ ወንዝ ሞልቶበት መሻገር ቢያቅተው፣ ይጐድልልኛል ብሎ በማሲንቆ ያሞግሰዋል፤ ወንዙ ግን አይሰማም፤ ያለፈው ውሃ ሲሄድ ሌላው ይተካል።

ወንድሜ አልተገረመም። አዝማሪው እስኪጐድል ለምን ቁጭ ብሎ አይጠብቅም ሲል ጠየቀኝ። እርሱ የሚያውቀው ወንዝ ደቻቱ ነዋ! ደቻቱ በጋውን ሁሉ አሸዋ ነው፤ ከላይ ከሐረርጌ ተራራ ዝናብ ሲጥል ድንገት ይመጣል፣ በሰዓታት ውስጥም ያልፋል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። እንግዲህ በደጋ ወንዝ ዳር የተጻፈ ምሳሌ ለድሬዳዋ ልጅ ሌላ ነገር ይሆንበታል። ከበደ ሚካኤል ላፎንቴንን ለእኛ እንዳቀረቡልን፣ የእርሳቸውንም ተረት ለአሸዋው ልጆች የሚያቀርብ ሰው ያስፈልጋል ብዬ አሰብሁ።

በቤተሰቤ ዘንድ የታሰበልኝ ከዚህ ዓመት ፈተና በኋላ የመካኒክነት ሙያ ተምሬ ፓርኩ እንድቀጠር ነው፤ እኔም እምቢ አላልሁም። ነገር ግን ስለ ደቻቱ አንድ የልጆች ተረት ጀምሬያለሁ። ባለፈው ሳምንት ለወንድሜ ባነብለት በሁለተኛው ገጽ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። አሁን ያንን ገጽ እንደገና እየጻፍሁት ነው።