ተመስገን ገብሬ

ተመስገን ገብሬ ጎጃም ውስጥ የተወለዱ ኢትዮጵያዊ ደራሲ ነበሩ። በ1941 ዓ.ም. የታተመው «የጉለሌው ሰካራም» የመጀመሪያው የአማርኛ አጭር ልቦለድ ተብሎ ይታወቃል። ድርሰቱ የጉለሌውን ዶሮ ነጋዴ የተበጀን ኑሮና መጠጥ ያደረሰበትን ጉዳት ይተርካል።

የካቲት 12

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ፣ ፋሺስቶች ለሦስት ቀናት የአዲስ አበባን ሕዝብ በየመንገዱ እያሳደዱ ገደሉ፤ ቤቶችንም ከነነዋሪዎቻቸው አቃጠሉ። ተመስገን ያን ጊዜ ከተማዋ ውስጥ ነበሩ። ከሞት ተርፈው ወደ ሱዳን ተሰደዱ።

ያዩትን የጻፉበት «ሕይወቴ» የተባለው ግለ ታሪካቸው ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ በ2001 ዓ.ም. ታተመ። መጽሐፉ ከጭፍጨፋው የተረፈ ሰው በአማርኛ የጻፈው የዓይን ምስክርነት በመሆኑ ለታሪክ አንባቢዎችም ይጠቅማል።