ልብ ወለድን የሰየሙ ደራሲ፤ ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ቡሌ ሆራ፣ ቀድሞ ሀገረ ማርያም ትባል የነበረችው ከተማ፣ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ናት። በእርሷም ሆነ ከእርሷ ወዲያ እስከ ያቤሎና እስከ ነገሌ ባሉት ከተሞች፣ እንደ ሌላው የአገራችን ክፍል ሁሉ፣ ወጣቱ ምን ያንብብ የሚለው ጥያቄ ወላጅንና መምህርን ያከራክራል። አንዱ ወገን የወጣት አእምሮ ገና ከጅምሩ በታላላቅ ደራስያን የከበረ ሥራ መታነጽ አለበት ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ የፍቅሩንም፣ የጀብዱውንም፣ የስለላውንም ታሪክ ደስ እንዳለው ያንብብ፤ ማንበብ ከለመደ ሌላው ይከተላል ይላል። ክርክሩ ሁለቱ ዓይነት መጻሕፍት ከሥራቸው የተለያዩ ናቸው በሚል እምነት ላይ የቆመ ነው። ይህ እምነት ምን ያህል ጽኑ እንደ ሆነ ለመመዘን፣ በአማርኛ የዚህን ድርሰት ስም ያወጡለትን ሰው ሕይወት መመልከት ይጠቅማል።

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1860 ዓ.ም. በጣና ሐይቅ ዳርቻ፣ የገዳማትና የቡና አገር በሆነችው በዘጌ ተወለዱ። በዚያ ዘመን የአንድ ልጅ ንባብ የታወቀ መንገድ ነበረው። ፊደል ይቆጥራል፤ ዳዊት ይደግማል፤ ዕድል የቀናው ወደ ቅኔና ወደ መጻሕፍት ትርጓሜ ይዘልቃል። መጽሐፍ ማለት በብራና ላይ በግዕዝ የተጻፈ ቅዱስ ነገር ነበር። ተረት ግን የምሽት እሳት ዳር ጨዋታ እንጂ ለብራና የሚበቃ ነገር ተደርጎ አይታይም ነበር። አፈወርቅ በሁለቱም መካከል አደጉ። ከቤተ ክህነት ትምህርት ጋር የሥዕል ተሰጥዎም ስለ ነበራቸው፣ በቤተ መንግሥቱ ዘንድ ታውቀው በ1879 ዓ.ም. ገደማ ወደ ኢጣልያ ተላኩና በቶሪኖ ከተማ ሥዕል ተማሩ።

ወደ አገራቸው ተመልሰው ጥቂት ጊዜ ከሠሩ በኋላ በ1886 ዓ.ም. ገደማ ከሌሎች ወጣቶች ጋር ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ሄዱ። የዐድዋ ጦርነት በተቃረበ ጊዜ ግን ወደ ኢጣልያ ወገን አዘነበሉ። ይህም በሕይወታቸው ላይ የወደቀው የመጀመሪያው ጥላ ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ኑሯቸው በኢጣልያ ሆነ። በ1890ዎቹ አጋማሽ በናፖሊ በሚገኘው የምሥራቅ ቋንቋዎች ተቋም አማርኛ ማስተማር ጀመሩ፤ በ1897 ዓ.ም. የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፋቸው ታተመ። አገሩን የተለየው ሰው ከአገሩ ይዞ የቀረው ሀብት ቋንቋው ብቻ ሆነ፤ ያንንም ሀብት ያለ ስስት አፈሰሰው።

በ1900 ዓ.ም. በሮም ከተማ ከመቶ ገጽ የማይበልጥ አንድ መጽሐፍ አሳተሙ፤ ስሙንም ልብ ወለድ ታሪክ አሉት። ልብ የወለደው ማለት ነው። ደራሲው ያልሆነ ነገር እየጻፉ መሆናቸውን በሽፋኑ ላይ አስታወቁ። መጽሐፍ ሁሉ እውነት መሆን አለበት ተብሎ በሚታመንበት አገር ይህ ቀላል ድፍረት አልነበረም። ይህ ትንሽ መጽሐፍ በአማርኛ የተጻፈ የመጀመሪያው ረጅም ልብ ወለድ ተብሎ ይታወቃል።

ታሪኩ በአንድ ክርስቲያን ንጉሥና በአንድ አረማዊ ንጉሥ መካከል በሚነሣ ጦርነት ይጀምራል። የክርስቲያኑ ወገን ድል ይሆናል፤ የጦር አዛዡም ተማርኮ በባርነት ይሸጣል። አንድ ደግ ነጋዴ ዋጋውን ከፍሎ ነጻ ያወጣዋል። ልጁ ዋሕድ የአባቱን ባለውለታ ሊፈልግ ሲወጣ፣ እርሱ ራሱ በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ይወድቃል። መንትያ እኅቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ፣ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ በጠላት አገር ትንከራተታለች። በመጨረሻም ጠላት የነበረው ንጉሥ ጦቢያን ወድዶ፣ ሃይማኖቷንም ተቀብሎ ያገባታል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የሌለው ምንድን ነው? ጦርነት አለ፤ ምርኮ አለ፤ ፍቅር አለ፤ ማንነትን መደበቅና ድንገት መገለጥ አለ። ዛሬ ወጣቶች በርካሽ ዋጋ እየገዙ ከእጅ ወደ እጅ የሚያስተላልፏቸው መጻሕፍት የሚሠሩት በእነዚሁ ማገሮች ነው። ሆኖም በጨዋታው መካከል ስለ ባሪያ ንግድ ጭካኔ፣ ስለ ውለታ፣ ስለ ልጅና አባት ፍቅር ከባድ ነገር ይነገራል። የታሪኩ ደግ ሰው መስፍን ወይም መነኵሴ ሳይሆን መንገደኛ ነጋዴ መሆኑም ልብ ሊባል ይገባል። ሲራራ ነጋዴ፣ ቀጥሎም የጭነት መኪና ሲመላለስበት በኖረው በሞያሌ መንገድ ላይ ያደገ ልጅ፣ ይህን ሰው ለማወቅ አስተርጓሚ አያሻውም።

ይህ መጽሐፍ በታተመ በዓመቱ፣ በ1901 ዓ.ም.፣ አፈወርቅ ዳግማዊ ምኒልክ የተባለውን የታሪክ መጽሐፍ አወጡ። ይህኛው ክብደት ያለው፣ እውነተኛ ታሪክ ነኝ የሚል ሥራ ነው። ነገር ግን ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1904 ዓ.ም. በአሥመራ በታተመው አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ በተባለው ጽሑፋቸው ነቀፉት። ታሪክ ጸሐፊ ሊኖረው ከሚገባው ያለ አድልዎ የመፍረድ ጠባይ የራቀ ሆኖ አገኙት። በአንጻሩ አፈወርቅ በ1900 ዓ.ም. ለውጭ አገር መንገደኞች ባዘጋጁት በአማርኛና በፈረንሳይኛ የመነጋገሪያ መጽሐፍ ውስጥ፣ በተራ ጭውውት መካከል የአገሪቱን አስተዳደር ጉድለት በድፍረት አሳዩ። እንግዲህ ከባዱ መጽሐፍ በውዳሴ ሲታማ፣ ቀላሉ መጽሐፍ እውነት ተናገረ ማለት ነው። ይህ የአንድ ሰው የሁለት ዓመት ሥራ፣ የመጽሐፍ ክብር በዓይነቱ እንደማይወሰን በቂ ምስክር ነው።

የቀረው ሕይወታቸው ደራሲውን የሚያስመሰግን ብቻ አይደለም። በኤርትራ በንግድ ሥራ ከቆዩ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ መንግሥት አገልግሎት ተመለሱ፤ በድሬዳዋ የጉምሩክ ኃላፊ ሆነው ነጋድራስ ተባሉ፤ በ1920ዎቹም በሮም የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆኑ። ፋሺስት ኢጣልያ አገሪቱን በ1928 ዓ.ም. በያዘች ጊዜ ግን ከወራሪው ጋር ቆሙ፤ በብዕራቸውም አገለገሉት፤ አፈ ቄሣር የሚል ስምም ተሰጣቸው። ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ ለፍርድ ቀርበው ወደ ጅማ በግዞት ተላኩ፤ በዚያም በ1940 ዓ.ም. ዐረፉ። አርበኞች በየጫካው ደማቸውን ባፈሰሱበት ዘመን የተፈጸመ ክህደት በሥነ ጽሑፍ ችሎታ የሚካካስ አይደለም።

መጽሐፉ ግን ከደራሲው የተለየ ዕድል ገጠመው። ጦቢያ በሚለው ስም በአዲስ አበባ እንደገና ታተመ፤ በ1950ዎቹ ታሪክ ተመራማሪው ታደሰ ታምራት ወደ እንግሊዝኛ መለሱት፤ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሪዎችም ያጠኑታል። ለጨዋታ የተጻፈው ታሪክ ከስድሳ ዓመት በኋላ የከበረ ቅርስ ሆነ። ልብ ወለድ የሚለውም የአንድ መጽሐፍ ስም፣ የድርሰቱ ዓይነት ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። የሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር በተቃራኒው መንገድ ተጓዘ። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ይህ ታላቅ ሥራ፣ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ በተረከው ጊዜ መጽሐፍ ገዝቶ በማያውቀው፣ ማንበብም በማይችለው ሕዝብ ዘንድ ሳይቀር ተወደደ። አንዱ ከጨዋታ ወደ ክብር ወጣ፤ ሌላው ከክብር ወደ ሕዝብ ወረደ፤ በመንገድ ላይም ተገናኙ።

ይህን ምስጢር ከአፈወርቅ አስቀድመው የተረዱ ነበሩ። በ1886 ዓ.ም. በምጽዋ አጠገብ በምትገኘው በእምኩሉ፣ ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ በኦሮምኛ የማንበቢያ መጽሐፍ ሲያሳትሙ፣ አስቴር የሰበሰበቻቸውን የሕዝብ ተረቶች አገቡበት። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ በመመለስ ሥራ ላይ የነበሩ ሰዎች፣ ልጅ ወደ ንባብ የሚገባው በሚያውቀው ጨዋታ በር መሆኑን አልናቁትም። የጉጂ ልጅ በእሳት ዳር የሚሰማው ተረትም በዚያው በር የሚያስገባ ነው።

እንግዲህ በቡሌ ሆራ አንድ ተማሪ በደብተሩ ሥር ደብቆ የጀብዱ ታሪክ ሲያነብ የሚያገኘው መምህር፣ መጽሐፉን ከመንጠቁ በፊት ሊያስብበት ይገባል። ሊጠየቅ የሚገባው መጽሐፉ ተራ ነው ወይስ ክቡር የሚለው ሳይሆን፣ ቋንቋው የጠራ፣ ሰዎቹ ሰው የሚመስሉ፣ የሚናገረውም እውነት ያለው ነው ወይ የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ ብዙውን የገበያ መጽሐፍ ይጥላል፤ አንዳንዱን በክብር መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ መጽሐፍም አይምርም። ተማሪው ያንን ሲጨርስ ጦቢያን ይስጡት። የደራሲውንም ታሪክ ሳይደብቁ ይንገሩት፤ መልካም የጻፈ እጅ ክፉ ሊሠራ እንደሚችል ማወቅም ከንባብ ትምህርት አንዱ ነውና።