ዳግማዊ አፄ ምኒልክና የጓሮው አፈር

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ተወለዱ። በልጅነታቸው ዐሥር ዓመት ያህል በመቅደላ በግዞት ቆይተው በ1857 ዓ.ም. አምልጠው ሸዋን ያዙ፤ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆኑ።

ከሱሉልታ ሜዳ በላይ በእንጦጦ ጋራ ያቆሙት ከተማ፣ ኋላም በ1879 ዓ.ም. ከግርጌው የተቆረቆረችው አዲስ አበባ፣ የአካባቢውን ጥድና ወይራ ለማገዶና ለቤት ሥራ ፈጀችው። ማገዶ በመታጣቱም ከቡራዩ ባሻገር በአዲስ ዓለም ሌላ መዲና ማሠራት ጀመሩ። ከተማይቱን ከመፈታት ያዳናት ከአውስትራሊያ ምድር የተገኘው ባሕር ዛፍ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በየግቢው እንዲተከል አበረታቱ፤ የአዲስ ዓለሙ ሕንፃም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

የዛፉ ነገር ግን ሁለት ገጽ አለው። ሥሩ የጓሮውን እርጥበት ስለሚሻማ በአጠገቡ የተተከለ ጎመን ይቀጭጫል። በሌላ በኩል እንጨት ባጣ ቤት ኩበት ይነድዳል፤ የነደደ ኩበትም ለአፈሩ ፍግ አይሆንም። እንጨት ያለው ቤት ፍጉን ለመደቡ ያተርፋል። ስለዚህ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ጓሮውን በፍግና በብስባሽ የሚያለማ ሰው ዛፉን ከአትክልቱ አርቆ በአጥሩ ዳር ቢተክል ከሁለቱም ይጠቀማል።

ዳግማዊ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። የማገዶውን ችግር በዘመናቸው አቃለሉ፤ ዛፉንና አፈሩን ማስታረቅ ግን የተከታዩ ትውልድ ድርሻ ሆኖ ቀርቷል።