የመንፉሐው ባለቅኔ አል-አዕሻ

በዛሬዋ ሪያድ ከተማ ውስጥ በምትገኘው መንፉሐ የኖረው መይሙን ኢብን ቀይስ፣ በዓይኑ ድካም ምክንያት አል-አዕሻ በሚል ቅጽል ስም ይታወቃል። ይህ የጃሂሊያ ዘመን ታላቅ ባለቅኔ ነገሥታትን እያወደሰ ከአገር አገር ተዘዋውሯል፤ የነጃሺን ምድር መርገጡም በግጥሙ ተጠቅሷል።

የኢብን ሂሻም ሲራ እንደሚዘግበው፣ አል-አዕሻ ነቢዩ ሙሐመድን (ሰ.ዐ.ወ) የሚያወድስ ግጥም ቋጥሮ እስልምናን ለመቀበል ጉዞ ጀመረ። መካ አካባቢ ከቁረይሽ ሙሽሪኮች አንዱ አገኘውና እምነቱ ዝሙትንም መጠጥንም እንደሚከለክል ነገረው። ዝሙትን መተው አልከበደውም፤ ከመጠጥ ግን ነፍሱ ገና አልረካችም ነበር። ስለዚህ ያን ዓመት ጠጥቶ በቀጣዩ ሊሰልም ወስኖ ወደ አገሩ ተመለሰ።

ዓመቱ ሳያልቅ ሞት ቀደመው። በስሙ የሚታወቀው ያ የውዳሴ ግጥም ዛሬም ይነበባል፤ ባለቤቱ ግን መዲና አልደረሰም።