አበበ ቢቂላ ከሩጫው በኋላ

ስለ ሻምበል አበበ ቢቂላ ሲነሳ ወሬው ሁለት ከተማ ላይ ይቆማል፤ ሮምና ቶኪዮ። ከዚያ ወዲያ ያለውን የሕይወቱን ክፍል በአንድ ዐረፍተ ነገር እናልፈዋለን፤ መኪናው ተገልብጦ ሽባ ሆነ፣ ከዚያም ሞተ። ለእኔ ግን ዛሬ የሚበልጥብኝ ይኸው የምንዘለው ክፍል ነው።

ምክንያቴን ልናገር። የወገብ ቀዶ ሕክምና ካደረግሁ ሰባት ወር አለፈኝ። የተንሸራተተው ዲስክ ተነስቷል፣ ቁስሉም ጠግጓል። ነገር ግን ሌሊት ሌሊት ከወገቤ እስከ እግሬ ጣት የሚወርደው ሕመም እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረኛል፣ ያቃጥለኛል። ለማገገም የሄድኩባት የትውልድ ከተማዬ ሳጉሬ ደግሞ ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ላይ ነች። በዚያ አገር ሰው የሚለካው በሩጫ ነው። ሊጠይቀኝ የመጣ ሁሉ፣ አበበ በቀዶ ሕክምና ማግስት ቶኪዮን እንዳሸነፈ አስታውሶኝ ይሄዳል።

እውነት ነው፤ አሸንፏል። ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ጃቶ የተወለደው ይህ የክቡር ዘበኛ ወታደር፣ በስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን እየሠለጠነ፣ በሮም በባዶ እግሩ ሲሮጥ ዕለቱ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበር፤ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የዓለምን ፈጣን ሰዓት አስመዘገበ። ከ4 ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ 40 ቀን ገደማ ሲሆነው፣ ተከታዩን ከ4 ደቂቃ በላይ ቀድሞ ገባ። ማራቶንን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ በኦሊምፒክ ታሪክ የመጀመሪያው ሆነ።

ዳሩ ግን የሆድ ቁስልና የነርቭ ጉዳት አንድ አይደሉም። የተጎዳ የነርቭ ክር እንደገና ሲያድግ በቀን የሚጓዘው 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከወገብ እስከ እግር ጣት ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ አንባቢ ያስላው። የቶኪዮው ታሪክ ለእንዲህ ዓይነቱ በሽተኛ መለኪያ ሲሆን ማበረታቻ መሆኑ ይቀርና ክስ ይሆናል። አልዳንክም ማለት አልታገልክም ማለት ይመስላል።

አበበ ራሱ ይህን ክስ በኑሮው ውድቅ አድርጎታል። 1961 ዓ.ም. ክፉ ዓመት ነበረች። ጥቅምት ላይ በሜክሲኮ በእግር ጉዳት ምክንያት 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋረጠ፤ ድሉን ማሞ ወልዴ አስቀጠለ። መጋቢት 13 ሌሊት ደግሞ ይነዳት የነበረችው ቮልስዋገን ተገለበጠች። ከውስጧ የወጣው በማግስቱ ጠዋት ነው። ከአንገቱ በታች መንቀሳቀስ አልቻለም። በሳምንቱ ወደ እንግሊዝ፣ ወደ ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ተላከ።

የዚያ ሆስፒታል የአከርካሪ ጉዳት ማዕከል በ1936 ዓ.ም. በዶክተር ሉድቪግ ጉትማን የተመሠረተ ነው። ጉትማን ስፖርትን የሕክምናው አካል አደረገ፤ የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት በ1940 ዓ.ም. ያዘጋጀው የቀስት ውድድርም የዛሬው የፓራሊምፒክ መነሻ ሆነ። አበበ በዚያ 8 ወር ታከመ። እጆቹ ተመለሱለት፤ እግሮቹ ግን አልተመለሱም። በ1962 ዓ.ም. ክረምት በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በ1963 ዓ.ም. በኖርዌይ በበረዶ ላይ መንሸራተቻ ውድድር አሸነፈ። በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ ኦሊምፒክ የክብር እንግዳ ሲሆን ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበለት። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ በአንጎል ደም መፍሰስ አረፈ። መንግሥት ብሔራዊ የሐዘን ቀን አወጀለት።

ልብ በሉ፤ አበበ እስኪድን ድረስ ኑሮውን አላቆየም። ሳይድን ኖረ። ይህ ግን በወኔ ብቻ የተገኘ አይደለም። በሳምንት ውስጥ የተገኘ አውሮፕላን፣ 8 ወር የተከታተለ ባለሙያ፣ ወጪውን የሸፈነ መንግሥት ነበረው።

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንድ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ የሚያገኘው የሕመም ፈቃድ ከ6 ወር አይበልጥም። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የቀሩት ሦስቱ ያለ ክፍያ ናቸው። በራሴ ቢሮ የምሠራ ሰው ባልሆን ኖሮ፣ ዛሬ ሰባተኛው ወሬ ላይ ሕጉ ትቶኝ አልፏል። ሕጉ የሚያውቀው ሁለት ዓይነት ሰው ነው፤ የዳነና ያልዳነ። በመካከል ያለው፣ ግማሽ ቀን ተቀምጦ መሥራት የሚችለው፣ ቀስ እያለ ወደ ሥራው ሊመለስ የሚፈልገው ሰው ስፍራው ጠባብ ነው።

በሳጉሬ የእርሻ ማሳ ላይ ወገቡ የተሰበረ ገበሬ ደግሞ ያቺም ስድስት ወር የለችውም። የሚያስፈልገው የጽናት ምሳሌ አይደለም፤ ፊዚዮቴራፒ የሚያገኝበት ቅርብ ጤና ጣቢያና የሚቀመጥበት ተሽከርካሪ ወንበር ነው። አበበን የምናከብረው ከሆነ፣ ከሮጠባቸው ሰዓታት እኩል ተቀምጦ የኖረባቸውን አራት ዓመት ተኩልም እናስላ።