ከብስክሌት ጠጋኝነት እስከ ሎርድነት፦ ዊልያም ሞሪስና ደብዛቸው የጠፋው የእንግሊዝ የጭነት መኪኖች

የታዋቂ ሰው ሕይወት ጻፉ ስንባል አብዛኞቹ የክፍል ጓደኞቼ ወደ ነገሥታቱና ወደ ደራሲያኑ ሄዱ። እኔ ደግሞ አንድ ብስክሌት ጠጋኝ መረጥኩ። ሰውየው ዊልያም ሞሪስ ይባላል፤ ከሞተ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። የጋዜጠኝነት ተማሪን ከመኪና ምን አገናኘው የምትሉኝ ካላችሁ ምክንያቴን ላስቀድም።

ያደግኩት ሰበታ ነው። ሰበታ የጅማ፣ ቡራዩ የወለጋ፣ ሱሉልታ የጎጃም በር ናቸው። ሦስቱም ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ቢጠቃለሉም አመላቸው አልተለወጠም፤ ቀንም ሌትም የጭነት መኪና ይተራመስባቸዋል። በሦስቱም ቦታ ጡረታ የወጡ ሾፌሮችን አነጋግሬያለሁ። ስለ ድሮ መኪና አንዴ ከጀመሩ ማን ያስቆማቸዋል! ፊያት ኤንትሬ ዳገት ሲወጣ የሚያሰማውን ድምፅ በአፋቸው እያሰሙ ነው የሚያጫውቱት። ጨዋታው ግን ሁሉም የጣሊያን ነው። ቃሉም ጭምር። ጋቢና፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ጎሚስታ፣ ቶርኖ፣ ራሱ መኪና የሚለው ቃል ሳይቀር ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። የእንግሊዝን ሳነሳባቸው ላንድሮቨርን ያሞግሳሉ። ስለ ጭነት መኪናው ሲሆን ግን ቤድፎርድ፣ ሌይላንድ ብለው ስም ይጠሩና፣ መለዋወጫው ጠፍቶ ቀረ ብለው ወሬውን ይዘጉታል።

እኔን የከነከነኝ ይሄ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1950 ከዓለም አገሮች ሁሉ የበለጠ መኪና ወደ ውጭ ትልክ የነበረችው እንግሊዝ ነበረች። ወደ አገራችን መጀመሪያ የገባው አውቶሞቢልም የእሷ ነው። ቢድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ በ1907 መጨረሻ ከጂቡቲ በኩል ለዳግማዊ ምኒልክ ያመጣው መኪና የዎልስሊ ፋብሪካ ሥራ ነበር። ታዲያ ይህ ሁሉ የት ገባ? መልሱን ያገኘሁት በኋላ ዎልስሊን በገዛው ሰው ሕይወት ውስጥ ነው።

ዊልያም ሞሪስ ጥቅምት 10 ቀን 1877 ዉስተር በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ተወለደ። በሕፃንነቱ ቤተሰቡ ወደ ኦክስፎርድ መጣ። የልጅነት ምኞቱ የቀዶ ጥገና ሐኪም መሆን ነበር፤ ነገር ግን ቤት ውስጥ ገንዘብ አልነበረምና በአሥራ አምስት ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ ብስክሌት ቤት ተቀጠረ። ከጥቂት ወራት በኋላ የደመወዝ ጭማሪ ጠየቀ፣ ተከለከለ። ጥሎ ወጣና በአራት ፓውንድ መነሻ በወላጆቹ ቤት ጓሮ የራሱን ሥራ ጀመረ። ከመጀመሪያ ደንበኞቹ አንዱ ረጅም ቄስ ስለነበሩ ለቁመታቸው የሚሆን ትልቅ ብስክሌት ሠራላቸው። ከዚያ በኋላ በሠራው ብስክሌት ራሱ እየተወዳደረ ማሸነፍ ጀመረ። ይሄም ማስታወቂያ ሆነለት።

መንገዱ ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። በ1904 ከሰዎች ጋር በሽርክና የከፈተው ድርጅት ከሰረና ዕዳ ላይ ወደቀ። የገዛ መሣሪያዎቹን እንኳ ከሐራጅ ላይ መልሶ ለመግዛት ተገደደ። ከዚህ በኋላ ገንዘብን በሚመለከት ሰው ማመን አቆመ ማለት ይቻላል። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በ1913 ሞሪስ ኦክስፎርድ የተባለችው የመጀመሪያ መኪናው ወጣች። ዘዴው ቀላል ነበር፤ ሞተሩን ከአንዱ፣ አክስሉን ከሌላው፣ ራዲያተሩን ከሦስተኛው እየገዛ እሱ ይገጣጥማል። ዛሬ እኛ አገር መገጣጠሚያ የምንለው ዓይነት ነው። ልዩነቱ ሞሪስ እዚያ ላይ አለመቆሙ ነው። አቅም ባገኘ ቁጥር ዕቃ የሚያቀርቡለትን ፋብሪካዎች እየገዛ የራሱ አደረጋቸው። በ1921 ገበያው ቀዝቅዞ ሌሎች ሲጨነቁ እሱ ዋጋ ቀነሰ። ሁሉም አበደ አለ። በ1925 ግን በዓመት ከ50,000 በላይ መኪና የሚያወጣ ሰው ሆነ።

ወደ ጭነት መኪና የገባውም በዚሁ መንገድ ነው። በበርሚንግሃም አክስልና ካምቢዮ የሚያቀርብለት ሪግሊ የተባለ ኩባንያ ሲከስር ገዛውና በ1924 ሞሪስ ኮሜርሻልን አቋቋመ። አንድ ቶን የሚጭነው መኪናው ዋጋው ለትንሽ ነጋዴ የሚቀመስ ስለነበር ተወደደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም የዚሁ ፋብሪካ መኪኖች በሰሜን አፍሪካ በረሃ መድፍ ጎትተዋል። ዎልስሊ ደግሞ ከስሮ ለጨረታ ሲቀርብ በ1927 ሞሪስ በ730,000 ፓውንድ ወሰደው። ከተፎካካሪዎቹ አንዱ ኸርበርት ኦስቲን ነበር። እንዲህ ሆኖ የምኒልክን መኪና የሠራው ቤት የቀድሞው ብስክሌት ጠጋኝ ንብረት ሆነ።

ሰውየውን መልአክ አድርጌ ማቅረብ አልፈልግም። በ1930ዎቹ መጀመሪያ፣ ኋላ የእንግሊዝ ፋሺስቶች መሪ ለሆነው ኦስዋልድ ሞስሊ አዲስ ፓርቲ 50,000 ፓውንድ ሰጥቷል። የራሱ መሐንዲሶች የነደፏትን ሞሪስ ማይነርንም አይወዳትም ነበር፤ እሷ ግን ከእንግሊዝ መኪኖች ሚሊዮን በመድረስ የመጀመሪያዋ ሆነች። ከሁሉም የከፋው ወንበሩን ለማንም ለመልቀቅ አለመፈለጉ ነው። ሽርክናው የጎዳው ሰው በምርጥ ሥራ አስኪያጁ በሊዮናርድ ሎርድ ላይም አላስጨከነም። በትርፍ ድርሻ ተጣሉና ሎርድ በ1936 ወጥቶ ሄደ። የት? ቆይቶ ተቀናቃኙ ኦስቲን ዘንድ! በ1952 ሁለቱ ድርጅቶች ቢ.ኤም.ሲ. በሚል ስም ሲዋሃዱ አዛዡ ያው የተባረረው ሎርድ ሆነ። ሞሪስም ብዙም ሳይቆይ ሊቀመንበርነቱን ለቅቆ የክብር ፕሬዚዳንት ብቻ ሆኖ ቀረ።

ውህደቱ ደግሞ ለስሙ ነበር። የኦስቲን ሻጭና የሞሪስ ሻጭ አንድ መንገድ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው ይሻሙ ነበር። አንዱ የጭነት መኪና ግንባሩ ላይ ያለው ስም ብቻ ተቀይሮ ኦስቲንም ሞሪስም ተብሎ ይሸጥ ነበር። ወጪው እጥፍ፣ ትርፉ ስስ ሆነ። ሞሪስ ነሐሴ 22 ቀን 1963 አረፈ፤ ውድቀቱን ሙሉ በሙሉ አላየም። በ1968 የጭነት መኪና ሠሪው ሌይላንድ ይህን የተዝረከረከ ቤት ጠቅልሎ ብሪቲሽ ሌይላንድ ተባለ። ደህና ያተርፍ የነበረው ሌይላንድም አብሮ ሰመጠ። በየጊዜው የሥራ ማቆም አድማ ተነሳ፣ አዲስ ሞዴል ዘገየ፣ በሌላ በኩል ጃፓኖች መጡ። በ1975 መንግሥት ወረሰው። በስኮትላንድ ባትጌት የነበረው የጭነት መኪና ፋብሪካ በ1986 ተዘጋ። ሌይላንድ በ1987 ከሆላንዱ ዳፍ ጋር ተዋሃደ፣ በ1993 ከሰረ፣ በ1998 የአሜሪካው ፓካር ገዛው። ሞሪስ የሚለው ስምም ከመኪና ላይ የጠፋው በ1984 ነው።

ለሰበታ ሾፌር ይህ ሁሉ ምን ማለት ነው? በአጭሩ መለዋወጫ ማለት ነው። ፋብሪካው በየጥቂት ዓመቱ ባለቤት ሲቀይር ሩቅ ያለ ደንበኛ የሚያስታውሰው የለም። ጣሊያኖቹ አምቼን ይዘው ፊያትንና ኢቬኮን አዲስ አበባ ውስጥ ሲገጣጥሙ፣ የእንግሊዙ መኪና ባለቤት ቶርኖ ቤት ሄዶ የተሰበረውን ብረት በአምሳያው ማስቀረጽ ነበረበት። ከዚያ አይሱዙ መጣ፣ ከዚያ ሲኖትራክ መጣ። የሚገርመው ደግሞ ሞሪስ ጋራዥ ከሚለው ስም የወጣው ኤም.ጂ. ዛሬ የቻይናው ሳይክ ኩባንያ ንብረት መሆኑ ነው።

ታዲያ ከሞሪስ ምን ቀረ? የገዛው ሁሉ ተበተነ፤ የሰጠው ግን ቆሟል። ልጅ አልነበረውም፤ በሕይወቱ 30 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ለግሷል። ሐኪም ያልሆነው ልጅ ለኦክስፎርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ገንዘብ ሰጠ። ከ1938 ጀምሮም ፖሊዮ ትንፋሻቸውን ላጠፋባቸው ሕሙማን የመተንፈሻ መሣሪያ በመኪና ፋብሪካው አሠርቶ 1,700 ያህሉን ለሆስፒታሎች በነፃ አደለ። በ1943 ያቋቋመው ናፊልድ ፋውንዴሽን ዛሬም ምርምር ይደግፋል። ናፊልድ የሎርድነት ስሙ ነው። በዚሁ ስም የሚጠራውን ኮሌጅ የምህንድስና እንዲሆን ቢመኝም ዩኒቨርሲቲው የማኅበራዊ ሳይንስ አደረገበትና አኮረፈ። ያም ሆኖ ከ1945ቱ ምርጫ ጀምሮ የእንግሊዝን ምርጫዎች በመመርመር ስሙ የተጠራው ይኸው ኮሌጅ ነው፤ ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ባለውለታችን ነው ማለት ይቻላል። ሎርዱ ራሱ እስከ መጨረሻው መኝታ ቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ የመሣሪያ ሣጥን ያስቀምጥ፣ ጫማውንም ራሱ ይጠግን ነበር።

እንግዲህ የእኔ አስተያየት ይህ ነው። ሞሪስ መገጣጠም ብቻ ሳይሆን መሥራትን፣ ከመሥራትም አልፎ መስጠትን አውቆበታል። ያላወቀበት ተተኪ ማፍራትን ነው። በየጋራዡ በዘይት ተለውሰው የሚውሉ የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ልጆች ከአራት ፓውንድ የማይበልጥ መነሻ ይዘው ሊሆን ይችላል፤ ሞሪስም የያዘው ያንኑ ነበር። ነገ ፋብሪካ ሲከፍቱ ግን ወንበሩን ለሌላ መልቀቅን፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ ሩቅ አገር ያለውን ደንበኛ አለመርሳትን ይጨምሩበት። ቸር እንሰንብት!